የፊልም ሙዚቃ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ስታገኙኝ አብዝታችሁ የምትጠይቁኝ ስለ መሣሪያና ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ዛሬ ግን ዕድሜዬን በማጀቢያ ሙዚቃ ቅንብር ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ዘፈን በፊልም ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ስላስተማረኝ በደቡብ ህንድ በሚነገረው በታሚል ቋንቋ ስለተሠራ አንድ ፊልም ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የህንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሂንዲውን ነው፤ ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ግን የራሷ ታላቅ የፊልም መንደር ነበረች።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1965 በቢ. አር. ፓንቱሉ ዳይሬክተርነት የተሠራው «አዪራቲል ኦሩቫን» ነው። በነገሥታት ዘመን ይኖር የነበረ ማኒማራን የተባለ ሐኪም ዓመፀኞችን በማከሙ ይያዝና ከእነርሱ ጋር በባርነት ወደ አንድ ደሴት ይላካል። ሐኪሙን ኤም. ጂ. ራማቻንድራን፣ ልዕልቲቱን ጃያላሊታ ተጫውተዋል፤ አብረው ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ኋላም ሁለቱም በየጊዜያቸው የታሚል ናዱን ግዛት መርተዋል። የጎራዴው ፍልሚያና የባሕሩ ጉዞ የሚያስደስቱ ናቸው፤ እኔን የያዘኝ ግን ሙዚቃው ነው።

የፊልሙ ርእስ «ከሺህ አንዱ» ማለት ነው። ተመልካቹ ርእሱን ሲያነብ፣ እኛም «ከሺህ አንድ» ስንል እንደምናስበው፣ አቻ የሌለውን ጀግና ይጠብቃል። ዘፋኙ ቲ. ኤም. ሳውንዳራራጃን ለተዋናዩ ድምፁን አውሶ ባዜመው፣ ሐኪሙ የሚያልፈውን ደመና ስማኝ እያለ በሚያንጎራጉርበት ዘፈን ውስጥ ግን ያው ሐረግ ተገልብጦ ይመጣል፤ ከአገሩ ሺህ ባሮች መካከል እኔ አንዱ ነኝ ይላል። ልዕልት የወደደችው ሰው ሙገሳውን ወደ ጎን ትቶ ራሱን ከእስረኞቹ ተራ ያቆማል። ይህ ዘፈን ቢቀር የፊልሙ ርእስ ሌላ ትርጉም ይዞ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ ዘፈኑ ጌጥ ሳይሆን ከታሪኩ ምሰሶዎች አንዱ ነው።

በመርከብ ላይ የሚዘፈነውና ገጣሚው ካናዳሳን የጻፈው የነጻነት ዘፈንም እንዲሁ ነው። እንደ ወፍ፣ እንደ ማዕበል እንኑር የሚለውን ሐሳብ መሪው ሲያነሣ ተቀባዮቹ ይከተሉታል፤ ድምፃቸው ሲጨመር፣ ነጻ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያለ ምንም ንግግር እንሰማለን። ተቀባዮችን ለማድመቂያ ብቻ የምታስገቡ ልጆቼ፣ እባካችሁ ይህን ደጋግማችሁ ስሙ።

ዜማውን የሠሩት ኤም. ኤስ. ቪስዋናታንና ቫዮሊን ተጫዋቹ ቲ. ኬ. ራማሙርቲ ነበሩ፤ ከዓመታት ጥምረት በኋላ ፊልሙ በወጣበት ዓመት ተለያዩ። ፊልሙ በዲጂታል ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ለሲኒማ ሲበቃ፣ ያ የጋራ ሥራቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ተሰማ።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ሥራ ስትቀበሉ፣ ኪቦርዱን ከመክፈታችሁ በፊት የፊልሙን ጽሑፍ ጠይቃችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ዳይሬክተሩንም ዘፈኑ ቢቀር ታሪኩ ምን እንደሚጎድልበት ጠይቁት፤ መልስ ካጣ ዘፈኑን ገና አትጀምሩት።