ሲንጋፖር ለ3 ቀን፣ ያውም ከእናት ጋር፣ ያውም በፍልሰታ

እህቴ፣ «ሜልቦርን ወንድሜ ጋ ስንሄድ መንገድ ላይ ሲንጋፖር 3 ቀን እናርፋለን። ከእናቴ ጋር ነኝ፣ 68 ዓመቷ ነው፣ የፍልሰታ ጾም ላይ ነን። የት እንደር? ምን እንይ? እሷስ ምን ትበላለች?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ራሴ አበላሸሁት። በሁለት ቀን ከአሥር በላይ ቦታ ዝርዝር ይዤ ሮጥኩ፣ አሁን የማስታውሰው ላቤን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአክስቴ ጋር ነበር። ያንቺን ጉዞ የሚመስለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ ከሌለ ለይቶ ማቆያ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ፤ ያኔ 3ቱ ቀን እዚያው አለቀ። ሌላው የመግቢያ ቅጽ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢሚግሬሽናቸው ድረ ገጽ ይሞላል፣ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካየሽ ዝጊው። የቪዛውንም ነገር በያዛችሁት ፓስፖርት እዚያው አረጋግጪ። የሰው ዕቃ ደግሞ እንዳትይዢ፣ «ትንሽ አደራ ነው» ቢሉሽም። በአደንዛዥ ዕፅ ሞት የሚፈርድ አገር ነው።

ማደሪያ ሊትል ኢንዲያ ያዢ። ሰማያዊው የባቡር መስመር ከዚያ ተነስቶ በአራተኛው ፌርማታ ቤይፍሮንት ያደርሳችኋል፤ የማታው ትርዒት ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ሦስተኛው ፌርማታ የዕፅዋት ማዕከሉ (ቦታኒክ ጋርደንስ) ነው። የጾም ምግቡም ደጃችሁ ላይ ነው። ክፍል ስትይዢ ግን «መስኮት አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ርካሾቹ ሆቴሎች ብዙ መስኮት የሌለው ክፍል አላቸው። በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲህ ያለ ክፍል ደርሶኝ ነግቷል አልነጋም የማውቀው በስልኬ ነበር። ከአየር ማረፊያ ስትወጡ ሻንጣና እናት ይዘሽ ባቡር አትሞክሪ፣ ታክሲ ያዢ። በሜትር ነው፣ ክርክር የለም። ከዚያ በኋላ ግን ባቡር ብቻ። ቲኬት መግዛት አያስፈልግም፣ የባንክ ካርድሽን በሩ ላይ ታስነኪያለሽ፣ አለቀ።

አሁን ዋናው ነገር። ቀንሽን በቦታ ሳይሆን በሙቀት ክፈዪው። እናትሽ ከአዲስ አበባ የነሐሴ ብርድ ወጥተው ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ከምናምን ብቻ ወደራቀ አገር ነው የሚገቡት። 32 ዲግሪ ሲባል ድሬዳዋ አይምሰልሽ፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ውጪ፣ ቀትሩን ቤት ውስጥ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ እንደገና ውጪ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ይሄ ለእሳቸው የተሠራ ፕሮግራም ነው። ነጠላ አይለያቸው፣ የቤት ውስጡ የማቀዝቀዣ ብርድ ከውጪው ሙቀት ይብሳል።

የመጀመሪያው ጠዋት የዕፅዋት ማዕከሉ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተ ነው፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል፣ መግቢያው ነጻ ነው። የኦርኪድ ክፍሉ ብቻ ይከፈልበታል። ከባቡሩ በር እስከ ኦርኪዱ ያለው መንገድ ይረዝማል፣ ለእናትሽ ሲባል በታክሲ ናሲም በር ድረስ ሂዱ። እዚያ ሐምራዊዋን ብሔራዊ አበባቸውን ታያላችሁ። አግነስ ጆአኪም በምትባል አርመናዊት ስም የተጠራች ናት።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የዚህችው ሴት የመቃብር ድንጋይ ሂል ስትሪት ላይ ባለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1835 የተሠራ ነው፣ በከተማዋ ካሉት ሁሉ ቀዳሚው። አርመኖች ደግሞ የእኛ የተዋሕዶ እህት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ክብ ቢጤ ናት፣ ዙሪያዋ ሣር። አክስቴ በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ጠባቂው ግራ ገባው፣ ከዚያ ዝም ብሎ ተዋት። ብዙ ጊዜ ሰው የለም። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላ ስትጸልይ እኔ ግቢው ውስጥ ዞርኩ። ከጉዞው ሁሉ አሁንም የምታወራው እሱን ነው። በፍልሰታ ለመጡ እናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ምግብ ላይ አትጨነቂ። ሴራንጉን መንገድ ላይ ኮማላ ቪላስ የሚባል ከእ.ኤ.አ. 1947 ጀምሮ ያለ ሥጋ የማይገባበት የሕንድ ምግብ ቤት አለ። ዶሳ እዘዢ፣ እነሱ ቶሳይ ይሉታል። ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ፣ አድሮ ሆምጠጥ ብሎ ነው የሚጋገረው። አክስቴ በቀኝ እጇ ቆርሳ ማባያው ውስጥ ነከር አደረገችና «ይሄማ እንጀራ ነው፣ ምጣዱ በዝቶበት ነው እንጂ» አለች። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሕንዶች ጾም ወተትና ቅቤ ይፈቅዳል። «ኖ ጊ፣ ኖ ሚልክ» ማለት አትርሺ። ቡናቸውም ወጥመድ አለው። «ኮፒ» ካልሽ የጣሳ ወተት ተደፍቶበት ይመጣል። «ኮፒ-ኦ» ያለ ወተት ነው፣ ግን ፍሬው ብዙ ጊዜ በስኳርና በቅቤ ወይም በማርጋሪን ነው የሚቆላው። ለእናትሽ «ቴ-ኦ» ይሻላል፣ ያው ጥቁር ሻይ ነው።

አንቺ ራስሽ ግን ሃውከር ሴንተር ሳትገቢ እንዳትመለሺ። ብዙ ትንንሽ ማብሰያ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት የሕዝብ መመገቢያ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሶፍት ተቀምጦ ካየሽ ተረስቶ አይደለም፣ ተይዟል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሶፍቱን አንስቼ አፌን ጠረግኩበት። ባለቤቷ ሳህኗን ይዛ መጥታ አየችኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል። በልተሽ ስትጨርሺ ትሪውን መልሺ፣ አለዚያ ያስቀጣል።

ባቡር ውስጥ ደግሞ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው፣ ውኃም ቢሆን፤ ቅጣቱ እስከ 500 የሲንጋፖር ዶላር ይደርሳል። አክስቴ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ለጎረቤቷ ልትዘግን ስትል ልጅቷ በፈገግታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየቻት።

ማታ ማታ ቤይፍሮንት ወርዳችሁ ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ የሚባለው መናፈሻ ሂዱ። ዕፅዋት የለበሱ 18 የብረት ዛፎች አሉ፣ ረጅሙ 50 ሜትር ነው። በሙዚቃ ይበራሉ፣ በነጻ። ሰዓቱ በፈረንጅ 7፡45 እና 8፡45 ነው። ለአክስቴ «በ7፡45 ይጀምራል» ብዬ ብነግራት «ሌሊት በሰባት ሰዓት ደግሞ ምን ልንሆን?» አለችኝ። በእኛ ምሽት 1፡45 መሆኑ ነው። ነጠላ አንጥፋችሁ ዛፎቹ ሥር በጀርባችሁ ተኙ፣ አንገት ቀና አድርጎ ማየት ያደክማል። ማሪና ቤይ ሳንድስ ጣሪያ ላይ ያለው መዋኛ ለሆቴሉ እንግዳ ብቻ ስለሆነ እሱን ከሐሳብሽ አውጪው። አንበሳ ራስ፣ ዓሣ ጅራት ሐውልታቸው ጋ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የከተማዋ ስም ራሱ «የአንበሳ ከተማ» ማለት ነው፣ አክስቴ ግን «አንበሳ ላይ ጅራት መቀጠል ምን ይሉታል» ብላ ፎቶ አልነሳም አለች።

ነሐሴ 3 ላይ እዚያ ከሆናችሁ የነጻነት በዓላቸው ነው። ርችቱ ያምራል፣ ግን መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይበዛል። ከሆቴል ብዙ አትራቁ።

መካነ እንስሳው? ጥሩ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። «የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ» የሚባል ክፍልም አላቸው፣ ዝንጀሮዎቹ አዋሽ አካባቢ የምናያቸው ዓይነት ናቸው። አክስቴ «ባሕር ተሻግሬ የአዋሽን ዝንጀሮ ትኬት ቆርጬ ልይ?» ብላ ስቃ ቀረች። በ3 ቀን እኔም እተወዋለሁ።

የመጨረሻውን ቀን ከበረራችሁ ሦስት አራት ሰዓት ቀድማችሁ አየር ማረፊያው፣ ቻንጊ፣ ድረሱና እዚያው ያለው ጁዌል የሚባል የገበያ ማዕከል ግቡ። ቤት ውስጥ ከጣሪያ የሚወርድ 40 ሜትር ፏፏቴ አለ። መቀመጫ አለ፣ ይቀዘቅዛል፣ ለእናትሽም ይመቻቸዋል። ከፍተሻው ውጪ ስለሆነ አስቀድማችሁ ነው የምታዩት።

ሶኬታቸው እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ ማስማሚያ ከዚሁ ያዢ። መኪና የሚመጣው ከቀኝሽ ነው፣ መንገድ ስትሻገሩ የእናትሽን እጅ ያዢ። ሆቴሉን ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ስሙን እዚሁ ጻፊልኝ፣ መስኮት እንዳለው አብረን እናያለን።