መልስ፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የማይደርቅ የደረት ቁስል ቲቢ ሊሆን ይችላል?

ወንድሜ፣ የእናትህ የልብ ቫልቭ ከተቀየረ ወራት ቢያልፉም የደረታቸው ቁስል ደረቀ ሲባል ተመልሶ መግል እንደሚያወጣ ጽፈሃል። ሳንባቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሐኪሙ ቲቢን መጠርጠሩም ግራ አጋብቶሃል።

የፍርምባ አጥንት ቲቢ ብርቅ ነው እንጂ አለ። ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየ ባክቴሪያ በደም አድርጎ አጥንት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሳል አለመኖሩም ሆነ የራጁ ንጽሕና አያስቀረውም።

የተለመደው የመግል ካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ቲቢን አያበቅልም፤ ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት አያዘናጋችሁ። ከላይ በጥጥ የተጠረገ መግል ሳይሆን ከጥልቀቱና ከአጥንቱ የተወሰደ ናሙና ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ)፣ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልግ ፈጣን ምርመራ) እና ለቲቢ ካልቸር ይላክ። ካልቸሩ እስከ 8 ሳምንት ቢፈጅም አትዝለሉት፤ የቲቢ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ማይኮባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ቁስል ያመጣሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ይለያል።

ቲቢ ከሆነ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ የሞተ አጥንት ካለም ተጠርጎ ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ነው። የብረት ቫልቭ ከሆነ መውሰዳቸው አይቀርም፤ ዋናው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ዋርፋሪንን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ) በተደጋጋሚ ይለካ፣ የዋርፋሪኑን መጠንም ሐኪም ያስተካክል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሪፋምፒሲን ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ዋርፋሪኑ ካልተቀነሰ መድማት ይመጣል። የቲቢ ክፍሉና የልብ ሐኪማቸው ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይነጋገሩ።