አዲሱ ዋጋ ለእኔ ይታያል፣ ለደንበኛ ግን አሮጌው

ጥያቄው የመጣው ከገላን ነው። የአባቷን የብሎኬት ማምረቻ ድረ ገጽ የምታስተዳድር እህታችን እንዲህ ትላለች፦ የ15 እና የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ዋጋ ዎርድፕረሱ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ፕሮግራም) ላይ ቀየርኩ፤ ስከፍተው አዲሱ ይታየኛል። ደንበኛ ግን በአሮጌው አስልቶ ይመጣና ከአባቴ ጋር ይጨቃጨቃል። ከዚህ በፊት አንድ ልጅ ገጹን ላፍጥንልሽ ብሎ ሦስት ማፍጠኛ ፕላጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ጭኖበት ነበር። ገጹ ሲበላሽበት በፋይል ማናጀር ገብቶ ፎልደሮቻቸውን አጠፋቸው። አሁን የትኛውን ነጻ ፕላጊን ልጫን?

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትጫኚ። «ለእኔ አዲስ፣ ለሌላው አሮጌ» ሲባል የምጠረጥረው ካሽን፣ ማለትም ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ የተቀመጠ የገጽ ቅጂን ነው። ፎልደሩ በእጅ ጠፋ ስትዪ ደግሞ ጥርጣሬዬ ጠነከረ። ፕላጊን አላነሰሽም፤ የጠፋው ፕላጊን ትቶት የሄደው ትእዛዝ አሁንም እየሠራ ነው።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ባክአፕ ውሰጂ። ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ፕላጊን በነጻ ይሠራዋል፤ ከጉግል ድራይቭሽ ጋር አገናኚው። ባክአፑ ከሰርቨሩ በቀጥታ ወደ ድራይቩ ስለሚሄድ የስልክሽን ዳታ አይበላም። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ የሚቀር ባክአፕ ግን ባክአፕ አልለውም፤ ሰርቨሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ጥርጣሬዬን ፈትኚው። ኮምፒውተር ላይ ሎግ ኢን ባላደረግሽበት ስውር መስኮት (ኢንኮግኒቶ) የዋጋውን ገጽ ክፈቺ። አሮጌው ዋጋ ከታየሽ አድራሻው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክትና የሆነ ፊደል ጨምረሽ እንደገና ክፈቺው። አዲሱ ዋጋ ከመጣ ጉዳዩ ካሽ ነው፤ አብዛኛው የካሽ ደንብ የጥያቄ ምልክት ያለበትን አድራሻ ያልፈዋል። አሁን ወደ መጀመሪያው አድራሻ ተመለሽና ኮንትሮልና ዩ ተጭነሽ የገጹን ኮድ እስከ ታች ውረጂ። ብዙዎቹ የካሽ ፕላጊኖች መጨረሻ ላይ ስማቸውንና ገጹ የተቀመጠበትን ቀን ይጽፋሉ። እዚያ የወራት ዕድሜ ያለው ቀን ብታገኚ አይግረምሽ።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ላስረዳሽ፤ እሱ ከገባሽ ሌላ ጊዜ ማንም አያታልልሽም። አንድ ሰው ገጽሽን ሲከፍት ዎርድፕረስ ገጹን ከባዶ ይሠራዋል። ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ ይነሳል፣ ያሉት ፕላጊኖች በሙሉ ይጫናሉ፣ ዳታቤዙ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ሜኑው ይጠየቃል፣ ከዚያ ሁሉም ተገጣጥሞ ይላካል። ከደቂቃ በኋላ ለሚመጣው ሰው ያው ልፋት ይደገማል። ካሽ ግን ያለቀውን ገጽ ፋይል አድርጎ ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ያንኑ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ከመቁላት ጀምሮ ቡና ማፍላት ቀርቶ ከፔርሙስ እንደ መቅዳት ነው። ሎግ ኢን ላደረገ ሰው ግን ካሹ አብዛኛውን ጊዜ ገለል ይላል፤ አንቺ ሁሌ ትኩሱን የምታዪው ለዚህ ነው።

ፈጣን የሚባሉት የካሽ ፕላጊኖች ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። ኤችቲአክሰስ በሚባለው፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው ፋይል ውስጥ ደንብ ይጽፋሉ፤ «የተቀመጠ ገጽ ካለ እሱን ስጥ፣ ፒኤችፒን አትቀስቅስ» የሚል። ደንበኛ መምጣቱን ዎርድፕረስ አያውቅም። ፕላጊኑን ከዳሽቦርድ (ከዎርድፕረሱ ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ ዲአክቲቬት ብታደርጊው ኖሮ ብዙውን ጊዜ የጻፈውን ደንብ ራሱ ይጠርግ ነበር። ፎልደሩ በእጅ ሲጠፋ ግን የሚጠርግ የለም። ደንቡ አለ፣ የተቀመጠው ገጽም አለ፤ ገጹን የሚያድሰው ብቻ ነው የጠፋው። ሦስቱን አንድ ላይ መጫኑም ለብቻው ጥፋት ነው። የካሽ ፕላጊኖች የሚጽፉት አድቫንስድ-ካሽ የሚባለው ፋይል ቦታው አንድ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስስበታል። እንዲህ ያለ ጥገና በገጠመኝ ቁጥር ያናድደኛል፤ የሚጎዳው የሠራው ልጅ ሳይሆን ፋብሪካው በር ላይ በዋጋ የሚከራከረው አባትሽ ነው።

ወደ ማጽዳቱ። ባክአፑ ድራይቭሽ ላይ መድረሱን በዓይንሽ አይተሻል? ካላየሽ አትቀጥዪ። ሲፓነል (ድረ ገጽሽን የሚያስቀምጥልሽ ድርጅት፣ የሆስቲንግሽ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ፋይል ማናጀር ገብተሽ ከሴቲንጉ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ። ኤችቲአክሰሱን መጀመሪያ ኮፒ አድርጊው፤ ፋይል ሴቭ በማድረግ ላይ እያለሽ መብራት ወይም ኔት ቢሄድ መመለሻ ይኖርሻል። ከፍተሽ ስታዪው ደንቦቹ «ቢጊን» እና «ኤንድ» በሚሉ መስመሮች መካከል ናቸው። የካሽ ፕላጊን ስም ያለበትን ክፍል ከነጅማሬውና ከነማብቂያው አጥፊ። «ዎርድፕረስ» የሚለውን ክፍል እንዳትነኪ፤ እሱ ከጠፋ የውስጥ ገጾችሽ አይከፈቱም። ቀጥሎ ደብሊውፒ-ኮንቴንት ውስጥ ያለውን ካሽ የሚባል ፎልደር እና አድቫንስድ-ካሽ የሚባለውን ፋይል አጥፊ። በመጨረሻም ደብሊውፒ-ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ደብሊውፒ ካሽን «ትሩ» የሚያደርገው መስመር ካለ እሱን ብቻ አውጪ። በስውር መስኮት ክፈቺ፤ አዲሱ ዋጋ መምጣት አለበት።

ልጁ ፕላጊኖቹን ከየት እንዳመጣቸው አልነገርሽኝም። የሚከፈልበት ፕላጊን ተሰብሮ በዚፕ በየቴሌግራሙ ሲታደል አያለሁ፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሳታውቂ የሚገባበት የኋላ በር አለበት፤ ገጽሽ አንድ ቀን ደንበኛውን ወደ ቁማር ድረ ገጽ ይወስደዋል። ስለዚህ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ክፈችና የማታውቂው አስተዳዳሪ ካለ አስወግጂ። ወርድፌንስ የሚባለውን የደህንነት ፕላጊን ጭነሽ አንዴ አስፈትሺው። በነጻው ላይ አዳዲስ የመከላከያ ደንቦች ከሚከፈልበት 30 ቀን ዘግይተው ነው የሚደርሱት፤ ቢሆንም ከተሰበረው ዚፕ ጋር አይወዳደርም። ከአሁን በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው የዎርድፕረስ የፕላጊን ማከማቻ ውጭ አትጫኚ።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ልምጣ። አንድ ካሽ፣ አንድ ብቻ። ሆስቲንግሽ ላይትስፒድ ሰርቨር ከሆነ ላይትስፒድ ካሽ፣ ካልሆነ ደብሊውፒ ሱፐር ካሽ ይበቃሻል። ዋጋ በቀየርሽ ቁጥር ካሹን አጽጂ። ለጉግል ፍለጋ ዮስት ወይም ራንክ ማዝ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትጫኚ። ለፎቶ ፕላጊን ከመፈለግሽ በፊት ፎቶውን ራስሽ አሳንሺው። ዎርድፕረስ ከ2019 ጀምሮ ትልልቅ ፎቶዎችን ወደ 2560 ፒክስል ያወርዳል፤ ለብሎኬት ፎቶ ግን 1200 ይበቃል፤ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ደንበኛ ይጠቀማል።

ለትእዛዝ መቀበያ ኮንታክት ፎርም 7 ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መልእክቱን ወደ ኢሜይል ይልካል እንጂ አያስቀምጥም። መልእክቱን የሚያስቀምጠውን ፍላሚንጎ የተባለ ፕላጊን ጨምሪበት፤ ኢሜይሉ ቢጠፋ እንኳ ትእዛዙ ዳሽቦርዱ ላይ ይገኛል። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ እየገባ ካስቸገረሽ ደብሊውፒ ሜይል ኤስኤምቲፒ የሚባለውን ፕላጊን ጭነሽ ከኢሜይል አካውንትሽ ጋር አገናኚው።

እነዚህን አንድ በአንድ ጫኚ፤ እያንዳንዱን ስትጨርሺ በስውር መስኮት አረጋግጪ፤ ከእያንዳንዱ በፊትም ባክአፕ። ኤችቲአክሰሱን አጽድተሽ አሮጌው ዋጋ አሁንም ከታየ ሆስቲንጉ ራሱ የሚይዘው ካሽ አለ ማለት ነው፤ ሲፓነሉ ውስጥ ማጽጃውን ፈልጊ፣ ካጣሽው ደውለሽ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ካሽ እንዲያጸዱልሽ ጠይቂ።