ሰፈሬ የተከፈተው ኮሌጅ ይበቃኛል ወይስ ራቅ ብዬ ልማር?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ከመጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኋይት ኦክ አካባቢ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በረዳትነት የማታ ሺፍት እሠራለሁ። አገር ቤት አካውንቲንግ ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው የመጣሁት። አሁን ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እኛ ሰፈር አዲስ ማዕከል ከፍቷል፤ ሰው ግን ‹እሱ ለእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እውነተኛው ኮሌጅ ሮክቪል ነው› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ስለገባሽ የትምህርት እርዳታ አይሰጡሽም ብሎኛል። አንድ የግል ማሠልጠኛ በአጭር ጊዜ እናስመርቅሻለን ይላል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ «እውነተኛው ኮሌጅ» የሚለው ወሬ ነው። በእኛ ሰው መካከል በሰፊው ይወራል። ሰውም ደጁ ላይ የተከፈተውን ትቶ «ጊዜ ሳገኝ ሮክቪል እሄዳለሁ» እንዳለ ዓመታት ያልፉበታል።

ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ራሱ እንዴት እንደተጀመረ ልንገርሽ። በ1946 ሥራ ሲጀምር የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። በቤተዝዳ ቼቪ ቼዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ በማታ ነበር የሚያስተምረው። ታኮማ ፓርክ የገባው በ1950 ነው። ከዚያ የሮክቪል ካምፓስ በ1965፣ የጀርመንታውን ደግሞ በ1978 ተከፈቱ። ሕዝቡ ወደ ሰሜን እየሰፋ ሲሄድ ኮሌጁም ተከተለው ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የካውንቲው ክፍል፣ የአንቺን ሰፈር ጨምሮ እስከ በርተንስቪል ድረስ፣ ነዋሪው እየበዛ ሄዶ እንኳ ኮሌጅ በቅርቡ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ቆየ። በ2024 የተከፈተው የኢስት ካውንቲ የትምህርት ማዕከል ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። ክሬዲት ያለው ኮርስ ከወሰድሽ፣ ማዕከሉ ውስጥ ተማርሽውም ሮክቪል፣ ትራንስክሪፕትሽ ላይ የሚወጣው ያው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው።

ይህን ስልሽ ማዕከሉ ሁሉ ነገር አለው ማለቴ አይደለም። ሙሉ ካምፓስ አይደለም። የነርሲንግ ትምህርት የሚሰጠው በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለው የጤና ሳይንስ ሕንፃ ነው። ሮክቪል ድረስ ብትሄጂ እንኳ ለነርሲንጉ ተመልሰሽ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትመጪው! እና «የትኛው ካምፓስ ይሻላል» ከማለት ይልቅ «የትኛውን ኮርስ የት ልውሰድ» ብለሽ ብታስቢው መንገዱ ይቀልልሻል።

ማንም ሰው በቀጥታ ነርሲንግ አይገባም። መጀመሪያ ኮሌጁ ውስጥ ትመዘገቢና የመግቢያ ኮርሶችን ትጨርሻለሽ፤ ከዚያ ለነርሲንግ ፕሮግራሙ ለብቻው ታመለክቻለሽ፤ ውድድርም አለው። ከሚጠየቁት መካከል የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ስታቲስቲክስ፣ የሰው አካል አወቃቀርና አሠራር (አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ የሚሉት) እና ማይክሮባዮሎጂ ይገኙበታል። ላብራቶሪ የማይጠይቁትን ማዕከሉ ውስጥ ካገኘሻቸው እዚያው ጀምሪ። ላብራቶሪ ያላቸው ወደ ሙሉ ካምፓስ ሊወስዱሽ ይችላሉ። የሴሚስተሩን ፕሮግራም ኦንላይን ስትከፍቺ በካምፓስ እየለየሽ ማየት ትችያለሽ፤ ከአድቫይዘር (ከኮሌጁ የኮርስ አማካሪ) ጋር ከመቀመጥሽ በፊት ይህን አድርጊው። ባዶ እጁን የገባ ተማሪ አጠቃላይ ምክር ሰምቶ ይወጣል፣ የኮርስ ዝርዝር ይዞ የገባ ግን ሴሚስተሩን አቅዶ ይወጣል።

የመንገዱ ነገር እንደምትፈሪው አይከብድም። በሩት 29 ላይ የሚመላለሰው ፍላሽ የሚባለው አውቶቡስ በቴክ ሮድና በኋይት ኦክ አድርጎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ማዕከሉ ያለው ቴክ ሮድ አካባቢ ነው። የጤና ሳይንስ ሕንፃው ደግሞ ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ነው። ስለዚህ መኪና ባይኖርሽም በአንድ መስመር ሁለቱንም ታገኛለሽ። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡሶች፣ ፍላሽን ጨምሮ፣ ከ2025 ጀምሮ ክፍያ የላቸውም።

አሁን ስለ ማታ ሺፍትሽ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገርሽ። ሌሊቱን ሠርተሽ ጠዋት ከሥራ ወጥተሽ በቀጥታ ክፍል የሚያስገባሽን ፕሮግራም አትያዢ። የመጀመሪያው ወር ላይ የሚቻል ይመስላል። ሁለተኛው ወር ላይ ፈተናው ይደራረባል፣ እንቅልፉ ያሸንፋል፣ ኮርሱን ትጥያለሽ። የተጣለ ኮርስ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም። የፌዴራል እርዳታ ለማግኘት ከተመዘገብሽባቸው ክሬዲቶች በግምት ሁለት ሦስተኛውን ማጠናቀቅ ይጠበቅብሻል። ተኝተሽ ተነስተሽ የምትገቢበትን፣ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ የሚሰጠውን ያዢ። ማዕከሉ ቅርብ መሆኑ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ የማታጠፊው ሰዓት የእንቅልፍ ሰዓት ይሆንልሻል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ አትለፊ። አናቶሚን ኦንላይን ውሰጂው ብዬም አልመክርሽም። በሽተኛ ማገላበጥ፣ የደም ግፊት መለካት፣ ተረከዝ ላይ የጀመረ ቁስል ቀድሞ ማየት አንቺ በየሌሊቱ የምትሠሪው ነው። እዚያ የምታይው ቆዳና ጡንቻ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ፣ አጥንቱን በእጅሽ ይዘሽ መምህሩን ስትጠይቂ፣ ትምህርቱ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ላንቺ ይቀላል።

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ፣ የምደባ ፈተናውን እንዲያው እንደ ቀላል ነገር ሄደሽ አትፈተኝ። ኢሶል የሚባለው የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ ለመኖርና ለሥራ ጥሩ ነው፣ ክሬዲት ግን የለውም። ኢላፕ የሚሉት ደግሞ ለኮሌጅ ትምህርት የሚያዘጋጅ ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን አብዛኛው ለዲግሪሽ አይቆጠርም፣ ጊዜሽንም ይወስዳል። ከፈተናው በፊት ጥቂት ሳምንት በየቀኑ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፊና የሚያርምልሽ ሰው ፈልጊ። ይህ ትንሽ ልፋት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሊያተርፍልሽ ይችላል።

ወንድምሽ ያለው ልክ አይደለም። ፔል ግራንትን (የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት እርዳታ) የሚከለክለው የመጀመሪያ ዲግሪ ጨርሶ መያዝ ነው፤ የውጭ አገር ዲግሪም ቢሆን። አንቺ አልጨረስሽም። ግሪን ካርድ ስላለሽ በዜግነት በኩልም ችግር የለብሽም። የ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው ፔል ግራንት 7,395 ዶላር ነው። ስንት እንደሚደርስሽ በገቢሽ፣ በቤተሰብሽ ብዛትና በምትወስጂው ክሬዲት ይወሰናል። ሙሉ ጊዜ የሚባለው 12 ክሬዲት ስለሆነ፣ 6 ክሬዲት ብትወስጂ የድርሻሽን ግማሽ ታገኛለሽ። ይህ የማይመለስ ገንዘብ ነው፣ ብድር አይደለም። ከዚህ ሌላ የሜሪላንድ ግዛት ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (እንደ ሞንትጎመሪ ላለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተማሪዎች የሚሰጠው ፕሮሚስ የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። ሌሎች እርዳታዎች ከፍለው የቀረውን እስከ 5,000 ዶላር በዓመት ይሸፍናል፤ የገቢና የውጤት መስፈርት አለው። ለሁሉም በሩ ፋፍሳ ነው። በነፃ የሚሞላ የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ነውና ለሚሞላልሽ ሰው ገንዘብ አትክፈዪ፤ የኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ያግዝሻል። የግዛቱን ገንዘብ ለማግኘት እስከ ማርች 1 ማስገባት አለብሽ።

መሥሪያ ቤትሽንም ጠይቂ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ታክስ ሳይቆረጥበት መክፈል ይችላል። ሁሉም አሠሪ አያደርገውም፤ የሚያደርገውም ቢሆን ካልተጠየቀ ላይነግርሽ ይችላል። የነርስ እጥረት ያለበት ቤት ደግሞ የራሱን ረዳት ነርስ አድርጎ ማስቀረት ይጠቅመዋል።

ደብዳቤሽን የሚያነቡ ሌሎችም አሉና አንድ ነገር በዚሁ ላንሳ። ሜሪላንድ ውስጥ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ሦስት ዓይነት ነው፤ ለካውንቲው ነዋሪ ዝቅተኛው፣ ለሌላ ካውንቲ ነዋሪ ከፍ ያለው፣ ከግዛቱ ውጭ ለመጣ ከሁሉ የበለጠው። ከኋይት ኦክ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ማዕከሉ ቢቀርበውም የውጭ ካውንቲ ክፍያ ይጠየቃል፤ እጥረት ባለባቸው አንዳንድ የጤና ሙያዎች ግን በካውንቲው ነዋሪ ዋጋ የሚማርበት ፕሮግራም አለና ይጠይቅ። ቤት ልትቀይሪ ካሰብሽ አንቺም ይህን አስቢበት።

የግል ማሠልጠኛውን አልጠላውም፣ ከመፈረምሽ በፊት ግን እነዚህን ጠይቂው። የሚሰጥሽ ሬጂስተርድ ነርስ የሚያደርግ ትምህርት ነው ወይስ ሌላ ሰርተፍኬት? የሜሪላንድ የነርሲንግ ቦርድ ያጸደቀው ነው? ክሬዲቱን ሌላ ኮሌጅ ይቀበለዋል? ተመራቂዎቹ ኤንክሌክስን (የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጠውን ፈተና) በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህሉ ያልፋሉ? ይህን የመጨረሻውን ቦርዱ ራሱ በየትምህርት ቤቱ ያወጣዋል፤ በአፍ የሚነግሩሽን አትቀበይ። መልሱን በጽሑፍ ለመስጠት የሚያቅማማ ቤት ገንዘብሽ አይገባውም።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዲግሪ የወጣች ነርስ የምትፈተነው ኤንክሌክስ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው የምትፈተነው ያው ኤንክሌክስ ነው። ፈቃዱም አንድ ነው። ሆስፒታሎች ባችለር ዲግሪን ይመርጣሉ የሚባለው እውነት አለው፤ ያን እየሠራሽ ኋላ ታሟይዋለሽ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ሮክቪል በሚገኘው ሼዲ ግሮቭ ያስተምራል። ሮክቪል የምትሄጂበት ጊዜ ያኔ ይመጣል። እስከዚያው በ2019 የተከፈተው የኋይት ኦክ ሆስፒታል እዚያው ሰፈርሽ ነው። የሁለት ዓመት ትምህርት የሚባለው ግን ለአንቺ ሁለት ዓመት አይሆንም፤ ከመግቢያ ኮርሶቹና ከሥራሽ ጋር አራት ዓመት ብለሽ ያዢው።

ማዕከሉን ደግሞ እንደ ነዋሪም እዪው። በቂ ተማሪ ያልተመዘገበበት ክፍል ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ይሰረዛል። የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው የሚመዘገበው፣ እና የሚፈልገው የማታ ክፍል ቀድሞ ተሰርዞ ይጠብቀዋል። ምዝገባ በተከፈተ ሳምንት ተመዝገቢ፣ ጓደኞችሽንም ይዘሽ ሂጂ። የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ እዚያ ይከፈት የሚል ጥያቄ ካለሽ ለኮሌጁ ጻፊ። ካውንቲው ከኮሌጁ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ከሚያዋጡት አንዱ ነው፤ ጁላይ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው በፀደይ ነው። ስብሰባው ላይ ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ የመጣች አንዲት ሴት «ይህን ኮርስ ሰፈሬ ባገኝ በሚቀጥለው ሴሚስተር እመዘገባለሁ» ብትል፣ የምክር ቤት አባላቱ ልብ ብለው የሚሰሙት ነገር ነው።

ቶሎ መጀመር ያለበት አንድ ነገር ቀርቶኛል። አገር ቤት ካለው ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕትሽን አስወጪ፤ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ለቤተሰብ ውክልና ላኪ። ሲደርስሽ የውጭ ትምህርት ወደሚገመግም ድርጅት ይላካል፣ እሱም ያስከፍላል። ከመክፈልሽ በፊት የትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበሉ ኮሌጁን ጠይቂ። ከአካውንቲንጉ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ካለፉልሽ ወጪው ዋጋ አለው። የእንግሊዝኛ ኮርሶቹን ግን ተስፋ አታድርጊባቸው።