መንገዱ አላጠረም፤ ጎማው ነው ያደገው (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ጎማ ናቸው። ከወረታ የመጣውን ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ የሰው እንጀራ አለበትና። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

ጎማዬን ናይትሮጅን ባስሞላ ናፍጣ ይቀንስልኛል?

የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ብርህን ያዝና የንፋስ መለኪያ ግዛበት።

ባለንብረቱ ናፍጣ ትሸጣለህ አለኝ

ከወረታ የጻፈልኝ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። 7.50-16 የነበሩትን ጎማዎች በሙሉ በ8.25-16 ቀየራቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ናፍጣ እየጠጣ አስቸገረኝ ይላል። ባለንብረቱ ደግሞ እሱን መጠርጠር ጀምሯል። ጎማው ይህን ሁሉ ያመጣል ወይ ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቆጣሪውን እንይ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ድሮ 565 ኪሎ ሜትር ይል የነበረው አሁን 533 እንደሚል ራስህ ጽፈሃል። መንገዱ አላጠረም። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። የ8.25ቱ ዙሪያ ከ7.50ው ዙሪያ በ6 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አንዴ ሲዞር ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ዙሩ ሲያንስ ቆጣሪው ላይ ያለውም ያንሳል።

አሁን ናፍጣውን እናስላ። ድሮ 124 ሊትር፣ አሁን 130 ሊትር ይፈጃል ብለሃል። ባለንብረቱ 130ን ለ533 ያካፍላል። በ100 ኪሎ ሜትር 24.4 ሊትር ይመጣበታል። ድሮ 22 ነበር። 11 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ግን መንገዱ ዛሬም 565 ነው። 130 ለ565 ሲካፈል 23 ይሆናል። እውነተኛው ጭማሪ 5 በመቶ አይሞላም። ከግማሽ በላይ የሆነው ጥርጣሬ ቆጣሪው ያልቆጠረው 32 ኪሎ ሜትር ነው እንጂ የተሸጠ ናፍጣ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለባለንብረቱ አሳየው። አብራችሁ ተቀምጣችሁ በካልኩሌተር ሥሩት። ሰው በቆጣሪ ስህተት ከሥራ መውጣት የለበትም።

የቀረው 6 ሊትር እውነተኛ ነው፤ የጎማው ሥራ ነው። ትልቅ ጎማ ይከብዳል። ከቆመበት በተነሳህ ቁጥር ያንን ክብደት ማዞር አለብህ። መኪናውም ከፍ ስለሚል ነፋስ ይበዛበታል። ከዚህ ሌላ ማርሹ ይለወጣል። ካምቢዮውን ማንም ሳይነካው ሁሉም ማርሽ በ6 በመቶ ረዝሟል፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር መኪናው ራቅ ይላል፣ የመጎተት ጉልበቱ ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ከባሕር ዳር እስከ መራዊ ባለው ሜዳ ይህ አይጎዳህም፤ ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚዞር እንዲያውም ትንሽ ሊቆጥብ ይችላል። ዓባይ በረሃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ፣ ድሮ በሦስተኛ የምትወጣውን አሁን ሞተሩ ይጨነቅበታል፤ ወደ ሁለተኛ ትመልሳለህ። ጥቁር ጭስ ካየህ ናፍጣህ ሳይቃጠል እየወጣ ነው።

ፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። 80 ሲልህ 85 ላይ ነህ። ለነዳጁም ለሕይወትህም ጥሩ አይደለም።

ከናፍጣው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ፍሬንህ የተሠራው ለ7.50 ጎማ ነው። ጎማው ሲያድግ ያው ፍሬን በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። በማርሽ ይዘህ ስትወርድም ሞተሩ እንደ ድሮው አይዝልህም። 6 በመቶ ሜዳ ላይ ምንም አይመስልም። 50 ኩንታል ጭነህ፣ የፍሬኑ ሸራ ግሎ፣ መታጠፊያው ሲመጣ ግን ይታወቃል። ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት የፍሬን መካኒክ ጋ ግባ። ሸራውን አስፈትሽ፣ ጎማውን ምን ያህል እንዳሳደግህ ንገረው። የቸርኬው ስፋት 8.25 የሚችል መሆኑንም ያረጋግጥልህ፤ የኋላዎቹ ድርብ ጎማዎች ሆዳቸው እንዳይነካካ ይይልህ። ይህን ለነገ አትበለው።

መጨረሻ ላይ «10 ኩንታል ልጨምርበት?» ብለሃል። አይሆንም። ጎማው ቢያድግም ባሌስትራውም አክሰሉም ሻንሲውም ያው ናቸው።

ባለቤቴ ለፒክአፑ ትልቅ ጎማ አሰረ፤ ቤንዚኑን የምከፍለው እኔ ነኝ

ከባሕር ዳር የጻፈች እህቴ ናት። ከ265/70 ወደ 285/75 ተቀይሯል፤ ቸርኬው ያው 16 ነው። ጎማው ያምራል፣ ወጪው ግን አልተመቸኝም ትላለች። ባልየው ደግሞ ምንም አልጨመረም ይላል።

ባለፈው እሑድ ተመሳሳይ ጎማዎችን ከአንድ ጎሚስታ ደጅ ለክተን ነበር። ጎማው ላይና አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። መኪናውን በእጃችን ገፍተን አንድ ዙር አስኬድነው። በአሮጌው ጎማ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲም ሄደ። በአዲሱ 2 ሜትር ከ54። ልዩነቱ 17 ሳንቲም፣ 7 በመቶ ነው። እናንተም ቤታችሁ ደጅ ላይ ሞክሩት። ከዚያ ቆጣሪው 100 ሲል 107 ብላችሁ አስሉ። ታንከሩን አፉ ድረስ አስሞሉ፣ ሳምንት ንዱ፣ መልሳችሁ አስሞሉ። ክርክሩን ሊትሩ ይፈታዋል።

ግምቴን ከጠየቅሽኝ፣ አንቺ ትክክል ነሽ። ከተማ ውስጥ ከባጃጅና ከብስክሌት ጋር እየቆሙ መነሳት ለከባድ ጎማ አይመችም። ከተማችን ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ከ15 በመቶ በላይ ያጣል። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ቤንዚን መርገጥ ግድ ነው።

ትልቅ ጎማ ካሰርኩ ቦሎ ይከለክሉኛል?

የዓመታዊ ምርመራ ጣቢያውን ይጠይቁ፤ ጎማውን ሳይገዙ።

ከኋላ ድርብ ጎማ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ቢሆንስ?

የጠየቀኝ ረዳት ነው። ጎማውን በእንጨት እየመታሁ ድምፁን እሰማለሁ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ይላል። ወንድሜ፣ በድምፅ የሚታወቀው የተነፈሰ ጎማ ነው። ንፋሱ በሩብ የጎደለውን እንጨት አይነግርህም። መለኪያ ያዝ፤ ጎማው ሳይግል ጠዋት ለካ።

ድርብ ጎማ በአንድ ላይ ታስሮ ነው የሚዞረው። አንዱ ካነሰ እኩል መንገድ መሄድ አይችልም፤ አስፋልቱ ላይ እየተፋቀ ይጎተታል። ናፍጣ የሚበላው እሱ ነው። ትልቁ ደግሞ የሁለቱን ጭነት ለብቻው ይሸከማል። ሐሙሲት ስትቆሙ የእጅህን ጀርባ ወደ ሁለቱም አስጠጋ። አንዱ ከጎኑ ካለው ይበልጥ ከጋለ ሊፈነዳ እየተዘጋጀ ነው። ጎሚስታ ጋ ሂድና እኩያውን አሳስር፤ ሹፌሩ እንቸኩላለን ቢልህም አትስማው።

ባጃጄ ላይ ከፍ ያለ ጎማ ላስር?

አታስር። በሦስት እግር የቆመ ነገር ከፍ ባለ ቁጥር መታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ከኋላህ ደግሞ ሰው ተቀምጧል።