ዴልታ ወይስ ዩናይትድ? ለአራት ኪሎው ልጅ

ጥያቄህን አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ልጁ አሜሪካ በአንድ አነስተኛ አየር መንገድ ካፒቴን ነው። አሁን ሁለቱ ትልልቅ አየር መንገዶች፣ ዴልታም ዩናይትድም፣ ተቀብለውታል። የዴልታ ሥልጠና ከዩናይትድ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይጀምራል። ባለቤቱ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። እሱ ለእህቱ ሰርግ አራት ኪሎ መጥቷል፣ እስከ ዓርብ መልስ ይጠበቅበታል። ማንን ልምረጥ ነው ያለው።

በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። እኔም እዚያው አገር ከአንድ ትልቅ አየር መንገድ ጡረታ ወጥቼ ነው ፒያሳ የከተምኩት። መጀመሪያ ቤተሰብህ የት እንደሚኖር ወስን። ከዚያ ሥራ በመኪናህ የምትሄድበትን ድርጅት ምረጥ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሰርግ ቤት ምክር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የአጎቶች ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ትልቁን ነው የምታበረው ትንሹን?» ቦይንግ 777 ፎቶው ያምራል፣ አልክድም። ግን አዲስ ገቢ ሆነህ ትልቅ አውሮፕላን ላይ ተጠባባቂ ስትሆን ብዙውን ጊዜ ቤት ነህ። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስተህ ሦስት ጊዜ እንድታርፍ ይፈልጋል፤ እሷን ለማሟላት ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ላይ ትጠራለህ። 737 ወይም ኤርባስ 320 ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ ታሳርፋለህ፣ እጅህ አይዝግም። አውሮፕላን በኋላ ይቀየራል። ይህን ለአጎቶችህ ማስረዳት ግን አይጠበቅብህም።

ሲኒዮሪቲ (የቅጥር ቅደም ተከተል) የሚሉትን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ ትልልቆቹ ጋ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። ቤዝህ (በረራህን የምትጀምርበት ከተማ)፣ የዓመት ፈቃድህ፣ የበዓል ዕረፍትህ፣ ካፒቴን የምትሆንበት ጊዜ፣ ሁሉም በተቀጠርክበት ቀን ቁጥር ይወሰናል። ጎበዝ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ድርጅት ከቀየርክ 20 ዓመት ካፒቴን የነበርክም ብትሆን ከሥር ትጀምራለህ። (ለእኛ አንድ በረከት አለው። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25ን ይሻሙበታል፣ የእኛን ገና ግን የሚፈልገው የለም። የእነሱን በዓል ሥራላቸው፣ ለጃንዋሪ 7 የሚተካህ አታጣም።)

በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው «ቀድሞ የጠራህን ያዝ» ይልሃል። አንድ ድርጅት ውስጥ ከሆነ ልክ ነው። ዩናይትድ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ2,000 በላይ አብራሪ ቀጥሯል። በዚያ ፍጥነት ስድስት ሳምንት ማለት ሁለት መቶ ምናምን ሰው ቀደመህ ማለት ነው። ነገር ግን የዴልታ ቁጥር ከዩናይትድ ቁጥር ጋር አይወዳደርም። ዴልታ ስድስት ሳምንት ስለቀደመ ዩናይትድ ውስጥ ከምታገኘው ደረጃ ትበልጣለህ ማለት አይደለም። መታየት ያለበት ከፊትህ ካሉት ስንቱ መቼ ጡረታ እንደሚወጣ ነው። ጡረታው ከ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 65 ዓመት ነው፣ ከዚያ በፊት 60 ነበር። የሁሉም ዕድሜ ስለሚታወቅ ማን መቼ እንደሚወጣ ይቆጠራል። የሁለቱም ድርጅት አብራሪዎች በአንድ ማኅበር፣ በአልፓ ሥር ናቸው። የማኅበሩን ሰዎች ጠይቅ፣ ግምቱን ያሳዩሃል።

ቁጥሩም ቢሆን አይነኬ አይደለም። የእኛን አየር መንገድ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ያገዘውን የአሜሪካ አየር መንገድ፣ ቲደብሊውኤን፣ አስታውስ። በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው፣ ብዙዎቹ የቲደብሊውኤ አብራሪዎች ከዝርዝሩ ግርጌ ተደረጉ። ከመስከረም 11 በኋላ ቅነሳ ሲመጣ ቀድመው የወጡት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ለ30 ዓመት የሚሆን ስሌት እሠራለሁ ብለህ እንቅልፍ አትጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፣ ወደ ኮሚዩት፤ ማለትም ከሌላ ከተማ ወደ ቤዝህ መመላለስ። ጉዞህ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከኒውዮርክ ይነሳል፣ ቤትህ ደግሞ ሜሪላንድ ነው እንበል። እሑድ ከሰዓት ልጆችህን ስመህ ትወጣለህ። በረራው ሙሉ ከሆነ ጃምፕሲት (አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ያለውን ትርፍ ወንበር) ትጠይቃለህ፤ እሱንም የቀደመህ ካለ ቀጣዩን ትጠብቃለህ። ማታ ክራሽ ፓድ ትገባለህ፣ ከማታውቃቸው አብራሪዎች ጋር ተደራራቢ አልጋ የምትከራይበት ቤት። ኪራዩን የምትከፍለው አንተ ነህ፣ ለዚህ ሁሉ እንግልት የሚከፍልህ ግን የለም። ሾርት ኮል ተጠባባቂ ከሆንክ ይብሳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ መድረስ ስላለብህ ባትጠራም እዚያው ትቀመጣለህ። ወር ሙሉ ሁለቴ ብቻ ተጠርቶ የቀረውን ቀን ክራሽ ፓድ ውስጥ ልብስ ሲያጥብ የከረመ ሰው አውቃለሁ። ባለቤትህ ነርስ ናት፣ እሷም የምሽት ፈረቃ ይኖራታል። አንተ ኒውዮርክ ስትጠባበቅ ልጆቹን ማን ያሳድራል?

ካርታውን እንየው። ዩናይትድ ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ ላይ የአብራሪዎች ቤዝ አለው። ዴልታ ዋሽንግተን ላይ የለውም፤ ለአንተ የሚቀርበው ኒውዮርክ ነው። እርግጥ ዩናይትድ መጀመሪያውኑ ደለስ ይሰጥሃል ማለት አይደለም፤ ለሥልጠና ክፍልህ በቀረቡት ቦታዎች ላይ በተራ ነው የምትመርጠው። ኒውዮርክ አጠገብ ያለው ኒዋርክ ሊደርስህ ይችላል። ኒዋርክ ላይ ግን ባቡር አለ፤ አምትራክ ሜሪላንድ ኒው ካሮልተን ተሳፍረህ አየር ማረፊያው ጣቢያ ድረስ ያደርስሃል። በረዶ ጥሎ በረራ ሲሰረዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ደለስ ላይ ቦታ እስኪከፈት ትጠብቃለህ።

ዴልታን የምመክርህ በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ባለቤትህ አትላንታ ለመሄድ ደስተኛ ከሆነች። ትልቁ የዴልታ ቤዝ እዚያ ነው፣ ሐበሻውም ክላርክስተን አካባቢ ሞልቷል። ሜሪላንድም ጆርጂያም በነርሶች ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ የእሷ ሥራ ብዙም አይቸገርም። ግን «እሺ ካልክ ምን አደርጋለሁ» ብላ የምትከተልህ ከሆነ ያ ፈቃደኝነት አይደለም፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ታየዋለህ።

ደመወዝ ብዙ አያከራክርም። ዴልታ በማርች 2023፣ ዩናይትድ በሴፕቴምበር አዲስ ውል ፈረሙ፣ ሁለቱም ከፍ አድርገዋል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይከተላል። ዴልታ በየፌብሩዋሪው የሚሰጠው የትርፍ ድርሻ ደህና ነው፣ ትርፍ ሲኖር።

አንዳንዱ ደግሞ «ዴልታ ግባ፣ ዩናይትድ ሲደርስ ጥለህ ውጣ» ይልሃል። አታድርገው። ሙያው ጠባብ ነው፣ አስተማሪህ ነገ ሌላ ቦታ ፈታኝህ ይሆናል።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን፣ አንተ በጻፍከው መሠረት፣ ዩናይትድን ነው የምይዘው፣ ስድስት ሳምንቱ ቢዘገይም። ከዓርብ በፊት ግን ሁለት ስልክ ደውል። አንዱ ለባለቤትህ፤ የሰዓቱን ልዩነት ጠብቅ፣ ከፈረቃ ስትወጣ አትቀስቅሳት። ሌላው ለዩናይትዱ አልፓ የአዲስ ገቢዎች ተጠሪ፤ በቅርቡ የገቡት ክፍሎች ምን ምን ቤዝ እንደቀረበላቸው ጠይቀው። ለማትይዘው ድርጅት ወዲያው አጭር የምስጋና ኢሜይል ጻፍ፤ ያንን ወንበር የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ከሰርጉ ሁካታ ማምለጥ ካማረህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቶሞካ ቆመን ቡና እየጠጣን የጡረታውን ስሌት አብረን እናየዋለን።