በሙታን ታሪክ እንጀራ መብላት ነውር ነው?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። የምትኖሪው ሂዩስተን ነው። በታሪክ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። ጋልቭስተን ደሴት ላይ ያለ አንድ ድርጅት የማታ አስጎብኚ ሊያደርግሽ ፈልጓል። ቱሪስቶችን በድሮ ሕንፃዎች መሀል በእግር እያዞርሽ የሙት መንፈስ ታሪክ ትነግሪያለሽ። እናትሽ «ሙታን መጥራት ኃጢአት ነው» ብለውሻል። አጎትሽ ነርሲንግ ግቢ ይሉሻል። ክፍያውም አክሰንትሽም አሳስቦሻል። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነው፦ «በመንፈስ አላምንም። በሞቱ ሰዎች ስም ውሸት መሸጥ አይሆንብኝም?»

ሥራውን ያዢ። ግን ስክሪፕቱን፣ ማለት ለእንግዶች እንድትዪው የሚሰጡሽን ጽሑፍ፣ ሳታነቢ አትፈርሚ።

ይህን የምልሽ ጋልቭስተን ምንም የሚፈጠርላት ታሪክ ስለማያስፈልጋት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ሀሪኬኑ (ከባሕር የሚነሣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ሲመጣ፣ የደሴቲቱ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 3 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ባሕሩ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ተነሳ። ወደ 38,000 ሰው ከሚኖርባት ከተማ ቢያንስ 6,000 ሰው አለቀ፤ 8,000 የሚሉም ብዙ ናቸው። እስከ ዛሬ በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሰው የጨረሰ የተፈጥሮ አደጋ የለም። በቅድስት ማርያም የሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩት መነኮሳት ልጆቹን በልብስ ማስጫ ገመድ ከወገባቸው ጋር አሰሯቸው፤ ውሃው እንዳይነጥላቸው ብለው። 10 መነኮሳትና 90 ልጆች ሞቱ። የተረፉት 3 ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው።

አሁን አስቢው። ይህን የምታውቂ ሰው፣ በዚያ ቦታ ላይ «ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል» ብለሽ ሰው ለማስጮህ ድምፅሽን ስትቀይሪ። እኔ ይህን አልችልም፤ አንቺም እንደማትችዪ ከደብዳቤሽ ይታያል።

ተረቱን ግን አትጣዪው። «የደሴቱ ሰው እንዲህ ይላል» ማለት ውሸት አይደለም። ሰዎች ይህን ያህል ሐዘን በምን መልክ ይዘውት እንደኖሩ ያሳያል፤ ለታሪክ ተማሪ ደግሞ ይህ ራሱ ትምህርት ነው። ውሸት የሚሆነው ያልነበረ ሰው ስም አውጥተሽ ስትገድዪው፣ ወይም ያላየሽውን «አየሁ» ስትዪ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ እነዚህን ፈልጊ።

ስክሪፕቱ የዘለለውንም ፈልጊ። ሬሳው ለቀብር ከአቅም በላይ ስለነበር በጀልባ ተጭኖ ባሕር ውስጥ ተጣለ። የጫኑት በጠመንጃ የተገደዱ ጥቁር ወንዶች ነበሩ። ማዕበሉ ሬሳውን መልሶ ወደ ዳርቻው አመጣው፤ ከዚያ በየተገኘበት ማቃጠል ተጀመረ። ስለነዚያ ሰዎች ማን ይናገር? አንቺ ቴክሳስ ውስጥ የምትኖሪ ጥቁር ሴት ነሽ። ይህን ክፍል አንቺ ብትነግሪው ደስ ይለኛል።

ከሞቱ በኋላ የሆነውንም ንገሪ። የተረፉት 5 ሜትር የሚያህል የባሕር ግንብ ሠሩ። ከ2,000 በላይ ሕንፃዎችን በክሪክ እያነሱ ከሥራቸው አሸዋ ሞሉ፤ 3,000 ቶን የሚመዝነውን የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን ጭምር። ሥራው እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ቆየ። እንግዶችሽ የቆሙበት መሬት ራሱ በሰው እጅ የተነሣ ነው። ይህን ሰምቶ እግሩን የማያይ ቱሪስት የለም። የሮዘንበርግ ቤተ መጻሕፍት የአውሎ ነፋሱን ፎቶዎችና የተረፉ ሰዎች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ይዟል፤ ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት እዚያ ተቀመጪ።

እኔም ሥራ የጀመርኩት በአስጎብኚነት ነው፣ ላሊበላ። ለዚህ ሥራ የማዳላ ከመሰለሽ ልክ ነሽ። የማያውቅሽ ሰው ፊት ቆመሽ እንዲያደምጥሽ ማድረግ ለሙዚየምም፣ ለማስተማርም፣ ለማንኛውም ቃለ መጠይቅ ይሆንሻል።

እናትሽን በክርክር አትግጠሚያቸው። እኛ እኮ ተዝካር የምናወጣ ሕዝብ ነን። ስለ መነኮሳቱና ስለ ልጆቹ ንገሪያቸው፤ ቢቻል ይዘሻቸው ሂጂ። አጎትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ነርሲንግ ለበሽተኛ ልብ ያላት ሰው ሙያ ነው። ዘመድ ስለፈለገ ብቻ የገባች ነርስ ለራሷም ለበሽተኛውም አትሆንም። የትምህርት ቤት ክፍያሽን የማይከፍል ሰው ደግሞ ትምህርትሽን አይመርጥልሽም።

ገንዘቡ ላይ አልሸነግልሽም፤ ይህ ሥራ ብቻውን የቤት ኪራይ ላይከፍል ይችላል። በፌደራል ሕግ በቲፕ ለሚሠራ ሰው ቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ መክፈል ይችላል። ቲፑ ተደምሮ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ካልሞላ ልዩነቱን መሙላት አለበት። «ኮንትራክተር ነሽ» (በግልሽ የምትሠሪ እንጂ ተቀጣሪ አይደለሽም) ካሉሽ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራልሽም። 15.3 በመቶውን የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር ታክስም ራስሽ ትከፍያለሽ። ከሂዩስተን መንገዱ ደርሶ መልስ 160 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ቤንዚኑን ቀንሰሽ አስዪው። ስለዚህ እስክትመረቂ የቀን ሥራሽን አትልቀቂ፤ ጉብኝቱን በዊኬንድ ያዢው።

አክሰንትሽን ተዪው። ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ነፋስ ሲኖር ጀርባሽን ለነፋሱ ስጪ፤ ድምፅሽ ወደ እንግዶቹ ይሄዳል።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ሁለት ነገር ጠይቂ። ስክሪፕቱን ማረም ይፈቀዳል? ሬሳ እንዲጭኑ ስለተገደዱት ሰዎች መናገር ይቻላል? «እንግዳ አይወደውም» ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ። ደሴቱ ላይ የሚያስጎበኘው አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም።